የቆመውን የሚይዝ ፍሬን

ሚዛን ከተማ ላይ ዝናብ የሚያባራው ሰው እንዲያማው ፋታ ለመስጠት ነው። የዚያን ዓመት፣ የሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ግን ያችንም ፋታ ነፈገን። የምሥራች ወደ ወርክሾፓችን የመጣችው ከሰዓት በኋላ፣ ራሷን በፌስታል ሸፍና ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። ወለሉ በእኛው ጭቃ ተለቅልቆ ሳለ ምን እንዳታቆሽሽ እንደፈራች አልገባኝም።

“ቲቸር ሳባ የሚሏት ማናት?” አለች።

“እኔ ነኝ። ጫማሽን አድርጊ እንጂ፣ ብረት ይወጋሻል።”

“የባምላኩ ሚስት ነኝ።”

እጄ ላይ የነበረውን ፒንሳ አስቀመጥኩ። ስለ ባምላኩ ያልሰማ ሰው በከተማው አልነበረም። ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የገበሬዎች ማኅበር የእሸት ቡና መፈልፈያ ኦፕሬተር ነው። በጥቅምት ወር የመፈልፈያው ቺንጋ፣ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ፣ ቀኝ እጁን ከክርኑ በላይ ወስዶበታል። አማን ሆስፒታል አድርሰውት ነፍሱ ተረፈች። የማኅበሩ ኮሚቴ አልጋው ድረስ ሄዶ እንዴት እንደሆነ ሲጠይቀው “ጥፋቱ የኔ ነው፣ እጄን ያለ ቦታው ሰደድኩ” ብሎ መለሰ። ኮሚቴ እንዲህ ያለ መልስ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? እግዜር ይማርህ ብሎ፣ ብርቱካኑን አስቀምጦ ይወጣል።

የቀረውን ከተማው ጨመረበት። ጠጥቶ ነበር ተባለ።

“ባሌ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም ቲቸር” አለች የምሥራች። “በኳየር ክራር የሚመታ ሰው ነው። ይመታ ነበር።” ‘ነበር’ የምትለዋን ቃል ገና አልለመደቻትም፤ ስትላት ድምጿ ሰለለ። “ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ ሊያሰናብተው ነው። ጥፋቱ የሞተሩ ከሆነ ግን ኪሎ መዛኝ ሆኖ እዚያው ይቀመጣል፤ ሊቀ መንበሩ ራሱ ነው ያለኝ። ሞተሩ በሽተኛ ነው። ጠግናችሁ የላካችሁት እናንተ ናችሁ። እንደገና ፈትኑልኝ።”

ሞተሩ እኛው ዘንድ ነበር። ከአደጋው በኋላ ማኅበሩ መልሶ አምጥቶ ጥሎት፣ ጠረጴዛ ሥር በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ጎኑ ላይ ‘አልፏል’ የሚል አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፎበታል።

እኛ ስል አንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት የከፈተውን ትንሽ የቴክኒክ ማሠልጠኛ ማለቴ ነው። ዛሬ የለም፤ ቤቱ የእህል መጋዘን ሆኗል። እኔ የኤሌክትሪክ አስተማሪ ነበርኩ፤ አባቴ ከወሎ በፖስታ ቤት ሥራ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ እኔም ሚዛን ተወልጄ ሚዛን ያደግኩ ነኝ። ነገር ከያዝኩ አልለቅም። እናቴ መዥገር ትለኝ ነበር። የወርክሾፑ ኃላፊ ጋሽ ገሠሠ ነበሩ፤ ያንን አረንጓዴ ወረቀት መስከረም ላይ በገዛ እጃቸው የለጠፉትም እሳቸው ናቸው።

ለየምሥራች ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ነበረብኝ። ባዶውን ሲሽከረከር ሁሉም ሞተር ጀግና ነው። ደህና መሆኑ የሚታወቀው አንድ ነገር አንቆ ሲይዘው፣ እንደያዘውም ሲሠራ ነው። ለዚህ ማነቂያ የሚሆኑ፣ በኤሌክትሪክ መግነጢስ የሚሠሩ ሦስት ፍሬኖች ከውጭ በእርዳታ በአንድ ሳጥን መጥተውልን ነበር። ሦስቱም ፍሬን ይባሉ እንጂ ጠባያቸው የሦስት ባዳ ነው።

ትንሿ ሂስተሪሲስ ትባላለች። ገራገር ናት፤ ሳትነዝር፣ ሳትጎትት እኩል ትይዛለች፤ ግን አቅሟ ለልብስ ስፌት ሞተር ነው። የመፈልፈያ ሞተር ብንሰጣት ኖሮ በአንድ ትንፋሽ ያቃጥላት ነበር። ስለዚህ ሁላችንም እንወዳታለን፣ ማንም አይሠራባትም።

ትልቁ የኤዲ ከረንት ፍሬን ነው፤ የጋሽ ገሠሠ ዓይን ብሌን። የብረት ዲስኩ በመግነጢሶች መካከል ይሽከረከራል፣ ምንም ነገር ምንም አይነካም፣ የሚያልቅ ነገር የለውም። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር አጥብቆ ይይዘዋል።

“ኩሬ ውስጥ እንደመሮጥ ነው” አልኳት። “ስትሮጪ ውሃው ይይዝሻል። ዝም ብለሽ ከቆምሽ ግን አይይዝሽም። ይህም የቆመ ነገር መያዝ አይችልም።”

“ሌላውስ?”

ሌላው የዱቄት ፍሬን ነው። በውስጡ ደቃቅ የብረት ዱቄት አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ዱቄቱ ተያይዞ ይጠጥራል። “እሱ ጭቃ ነው” አልኳት። “ቆመሽም ይይዝሻል።”

የምሥራች ስለ ጭቃ ማስረዳት የሚያስፈልጋት ሰው አልነበረችም። “ባሌ የተጎዳው ሲያስነሳው ነው” አለች ቶሎ። “ሲሮጥ አይደለም።”

እኔም የማስበው ይህንኑ ነበር። ነገሩ እንዲገባችሁ የእኛን አገር መፈልፈያ ማወቅ አለባችሁ። በሕጉ ማሽኑ ባዶውን ይነሳል፣ ከዚያ ከላይ ካለው ገንዳ ቡና ይለቀቅበታል። ግን መብራቱ የእኛ አገር መብራት ነው። ይሄዳል፣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ እሸቱ ቡና ደግሞ ካደረ ይቦካል። ስለዚህ መብራት በሌለበት ሰዓት ሠራተኞቹ ቡናውን ተሸክመው የቆመውን መፈልፈያ እስከ አፉ ይሞሉታል፤ መብራት እንደመጣ ያለ አንዳች መዘግየት ሥራው እንዲቀጥል። ‘ማጉረስ’ ይሉታል። ለኦፕሬተሩ እንደማዘን ነው የሚቆጠረው፤ ያልጎረሰ መፈልፈያ የሚጠብቀው ኦፕሬተር በሠራተኞቹ የተጠላ ነው ብለው ይቀልዱበታል። ደህና ሞተር ከሆነ እያቃሰተም ቢሆን ይነሳል። ደካማ ከሆነ ይጮሃል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ያን ጊዜ ኦፕሬተሩ ምን ያደርጋል? ቺንጋውን በእጁ ጎተት አድርጎ ያግዘዋል። ሞተሩም ሳይታሰብ ይነሳል።

በማግስቱ አጠገባችን ወዳለችው አማን፣ ባምላኩ ቤት ሄድኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ኮቱን በትከሻው ደርቦ አገኘሁት። አጥንቱ የወጣ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ለመነሳት ሞክሮ ሚዛኑን ሲስት ያፈረው እሱ ነው። የምሥራች ስኳር ልታመጣ ወጣ አለች። እሷም እዚያው መፈልፈያ ጣቢያ በቡና ለቀማ ትሠራ ነበር፤ አሁን እሱን ለማስታመም ትታዋለች።

“ባምላኩ፣ ያን ቀን መፈልፈያው ጎርሶ ነበር?” አልኩት።

“ባዶ ነበር።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“ባዶ ነበር አልኩሽ ቲቸር።” በሩን አየ። “ለኮሚቴውም በጌታ ስም ይህንኑ ብያለሁ። ተይው። ጥፋቱ የኔ ነው።”

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ይህኛው ሞፈሩን ራሱ ቆርጦ የሚሰጥ ነው። ኮሚቴውን ፈርቶ ነው ብዬ አሰብኩ። ወይም ከእነዚያ ሁሉን የራሳቸው ኃጢአት አድርገው ከሚቀበሉ አማኞች አንዱ ነው አልኩ። ሚስቱ ዝናብ እየመታት ስለ እሱ ትለምናለች፣ እሱ ተይው ይላል። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ። የምሥራች እስከ ባጃጁ ስትሸኘኝ “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አይዞሽ” አልኳት። ይቺን ተረት ሁለተኛ ለማንም አልተርትም።

ጋሽ ገሠሠ አስቸገሩኝ።

“ተፈትኖ አልፏል” አሉ። “ሙሉ ጭነት ይዞ ሮጧል፣ አልሞቀም፣ አልተንቀጠቀጠም። ሌላ ምን ፈለግሽ?”

“ሲሮጥ አልፏል። ሲነሳስ? የእርስዎ ፍሬን እኮ የቆመ ነገር አይይዝም ጋሽ ገሠሠ።”

“የዱቄቱ ደግሞ እርጥበት ይገባዋል። ይህን አገር ታውቂዋለሽ፤ ጨው ቤት ውስጥ ውሃ የሚሆንበት አገር ነው። ዱቄቱ ይጓጉላል፤ ዛሬ የነገረሽን ነገ ይክዳል። እንዲህ ያለ ምስክር ይዘሽ የሰው ፍርድ ልታስለውጪ ነው?”

የሚያበሳጨው ነገር ትክክል መሆናቸው ነው። ያንን ፍሬን መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡት በተንኮል አልነበረም፤ እውነትም ያስቸግር ነበር። ትልቁ ፍሬን ደግሞ አንድም ቀን ዋሽቶ አያውቅም። የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል፤ እኛ ያልጠየቅነው ሌላ ነገር ነበር።

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የናንተ ነገር” አሉ በመጨረሻ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ። “የሰውየው እጅ እንደሆነ አይበቅል። ይሁን፣ ፈትኚ። ግን የሚወጣውን መልስ መርጠሽ አትወስጂም፤ ሁሉንም ትቀበያለሽ።”

ተቀበልኩ። ምን እንደተቀበልኩ ሳላውቅ።

የዱቄት ፍሬኑን ከመደርደሪያ አወረድኩት። ዱቄቱ እንደፈራሁት ጓጉሎ ነበር። ከፍቼ ለቀቅ አደረግኩት፤ ከዚያ ገጥሜ፣ የገዛ ሽቦ ጥቅልሉ ሙቀት እንዲያደርቀው ትንሽ ኤሌክትሪክ ሰጥቼ አዋልኩት። በእጄ እያሽከረከርኩ መያዙ እኩል እስኪሆን ድረስ ደጋገምኩ። ሂስተሪሲሷንም ለማመሳከሪያ አወጣኋት፤ አንድ ትንሽ ሞተር በሁለቱም ላይ ፈትኜ መልሳቸው ሲገጥም ጋሽ ገሠሠን ጠራኋቸው። አዩ፣ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የምሥራች ፈተናው ሲደረግ ካላየሁ አለች። መጣች፤ ግድግዳው ጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆመች።

መጀመሪያ ጋሽ ገሠሠ ሞተሩን በትልቁ ፍሬን ላይ አሠሩት። ተነሳ፣ ፈጠነ፣ ጭነት ሲጨመርበት ትንሽ ከበድ አለው እንጂ ቀጥ ብሎ ሮጠ። የሚያምር ነበር፤ ምንም አይወጣለትም። የምሥራች ፊቷ ሲጨልም አየሁ።

“ቆይ” አልኳት።

ወደ ዱቄቱ አዛወርነው። ፍሬኑን ለቅቄ፣ መፈልፈያው ባዶ ቢሆን እንደሚከብደው ያህል ብቻ ሰጥቼ አስነሳሁት። ተነሳ። እንደገናም ተነሳ። ሞተሩን አጥፍቼ፣ እስኪቆም ጠብቄ፣ ፍሬኑን እስከ አፉ የጎረሰ መፈልፈያ እንደሚይዘው ያህል አጠበቅኩት። ማብሪያውን ጫንኩ።

ሞተሩ ጮኸ። እንደታሰረ ወይፈን አጉረመረመ፣ ጠረጴዛውን አንቀጠቀጠ፣ ዘንጉ ግን አልተንቀሳቀሰም። አጠፋሁት። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ከፍተን ስናየው በሮተሩ፣ በሚሽከረከረው ክፍል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች ተሰንጥቀዋል። ሲሮጥ የማይታወቅ፣ ሲነሳ ግን ጉልበት የሚያሳጣ በሽታ ነው።

“አየሽ!” አልኳት። በደስታ እጇን ያዝኩ፤ አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። “ሞተሩ በሽተኛ ነው። የቆመ ጭነት አያነሳም። ባልሽ ሰካራምም ግዴለሽም አይደለም። ባዶ ቢሆን ኖሮ ይነሳ ነበር፣ ቺንጋውንም የሚነካበት ምክንያት አልነበረውም። እምቢ ያለው ጎርሶ ስለነበረ ነው። ባምላኩ ባዶ ነበር ያለው ወይ ተሳስቶ ነው፣ ወይ ...”

አልጨረስኩትም። ጋሽ ገሠሠ መነጽራቸውን አውልቀው ሞተሩን ሳይሆን እሷን ይመለከቱ ነበር። ረጅም ዕድሜ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ የተማሪ ፊት ያነባሉ።

“ሳባ፣ በቃ” አሉኝ ቀስ ብለው።

“ምኑ በቃ? ኮሚቴው ይህን ...”

“ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን አጎረሰው ብሎ ነው።”

የምሥራች እጄን ለቀቀች።

“እኔ ነኝ” አለች።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

“መብራት ሄዶ ነበር። እሱ የውሃውን ቦይ ሊጠርግ ወረደ። ሴቶቹ ምሳ ሄዱ። ቡናው ብዙ ነበር። ሲመለስ እንዳይደክም ብዬ እኔ አጎረስኩለት። ሁልጊዜ እናደርገዋለን፤ ሞተሩ ለጥገና ሳይመጣ በፊትም ስንቴ አድርገነዋል።” የምታወራው ለግድግዳው ነበር። “ከዚያ ወደ ለቀማዬ ሄድኩ። አልነገርኩትም። ሲጮህ ሰምቼ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲያ ያቺን ነገር አንድም ጊዜ አላሰብኳትም፣ ቲቸር። አንድም ጊዜ።”

“የምሥራች፣ ስሚኝ። ጥፋቱ የኛ ነው። ሞተሩን ስንልከው ...”

“ባዶ ቢሆን ይነሳ ነበር ነው ያልሽኝ?”

“አገሩ ሁሉ ያጎርሳል። አንቺ ብቻ አይደለሽም።”

“እሱን አልጠየቅኩሽም። ባዶ ቢሆን ይነሳ ነበር ወይ?”

በሕይወቴ ውሸት የፈለግኩበት፣ ፈልጌም ያጣሁበት ሰዓት ያ ነው። ሞተሩ ዓይኗ እያየ ባዶውን ተነስቷል።

“ይነሳ ነበር” አልኩ።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ ገሠሠ አጎንብሰው አረንጓዴውን ወረቀት በጥፍራቸው ይፍቁ ጀመር፤ ሙጫው አልለቅ ብሎ ቁርጥራጩ ጣታቸው ላይ ተጣበቀ። ያ ሞተር ተመልሶ አልሄደም፤ ከዚያን ቀን ወዲህም ወርክሾፑ እስኪዘጋ ድረስ ማንኛውም ሞተር ቆሞ ሳይፈተን ከደጃችን አልወጣም። ይህን የምናገረው ለመጽናናት ነው፤ አያጽናናም።

ወደ አማን በባጃጅ አብሬያት ሄድኩ። ብቻዋን ልለቃት አልቻልኩም። መንገዱ ሲጋመስ መዥገርነቴ አልለቀቀኝም።

“ኮሚቴው ፊት እኔ እናገራለሁ” አልኳት። “የፈተናው ጉድለት መሆኑን አስረዳለሁ። ሥራው አይሄድበትም፣ ስሙም ከሐሜት ይጠራል።”

“እሱ ባዶ ነበር ብሎ በጌታ ስም ተናግሯል። አንቺ ጎርሶ ነበር ስትይ ውሸታም ይሆናል።”

“ለምን እንደዋሸ ሁሉም ይገባዋል።”

“አዎ። ይገባቸዋል። እኔን ይጠሩኛል፤ ብጠራ ግድ የለኝም፣ ቢፈልጉ ይሰሩኝ።” ዘወር ብላ አየችኝ። “ቲቸር፣ እሱ አውቆታል። ቺንጋውን ሳይነካ በፊት የመፈልፈያውን አፍ አይቷል፤ ማን እንዳጎረሰለትም ያውቃል። ሆስፒታል ሆኖ፣ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆኖ፣ እኔ እንዳላውቅ ነው የዋሸው። እጁ ሄደ፣ ሥራው ሊሄድ ነው፣ ሰካራም እየተባለ ነው። የቀረችው አንዲት ነገር እኔ አላውቅም ብሎ የሚያስባት ናት። እሷንም ልውሰድበት?”

ዛሬም ትክክል አልነበረችም ብዬ የማስብባቸው ቀኖች አሉ፤ በእነዚያ ቀኖች እናደድባታለሁ።

ባምላኩ እንደዚያን ቀኑ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስንገባ ፊታችንን ተራ በተራ አየ። ፈተና እንደነበረ ያውቃል።

“ምን ተባለ?” አለ።

የምሥራች ነጠላዋን አራግፋ አጠገቡ ተቀመጠች። “ሞተሩ ጤነኛ ነው ተባለ።”

ወደ እኔ ዞረ። “እውነት ነው ቲቸር?”

“ጤነኛ ነው” አልኩ።

ትንፋሹን ለቀቀ። መላ ሰውነቱ ላላ፤ ተፈርዶበት እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። “ተመስገን” አለ፣ ፈገግ እያለ። “ብያችሁ ነበር እኮ። በከንቱ ነው የደከማችሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።”

“አዎ” አለችው የምሥራች፣ የኮቱን ባዶ እጅጌ ወደ ውስጥ እያጠፈች። “ያንተ ነው።”